በቅንፍ ውስጥ ያለው ስም፦ ኖርማን ኩክ፣ ፋትቦይ ስሊም እና የሪሚክስ ነገር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፣ የሌለው ለማታ ያስቀምጠው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ታሪክ ሳስተምር ማንኛውንም ሰነድ ከማንበባችን በፊት ሁለት ጥያቄ እጠይቃችሁ ነበር። «ሥራውን የሠራው ማን ነው? የተጻፈውስ የማን ስም ነው?» የሁለቱ መልስ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ግንቡን የገነባው ሌላ፣ ግንቡ በስሙ የሚጠራው ሌላ። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ ዳንስ ቤት ልግባ፤ ምን አገናኛቸው እንዳትሉ፣ ታሪክ የማይገባበት ቤት የለም።

ሰውዬው እንግሊዛዊው ኖርማን ኩክ ነው። ብዙዎቻችሁ ፋትቦይ ስሊም በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን የማታውቁም ብትሆኑ ሙዚቃውን በማስታወቂያ፣ በፊልም ወይም በእግር ኳስ ፕሮግራም ሰምታችሁታል። እሱን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። የእሱ እጅ ያለባቸው አራት ሥራዎች በእንግሊዝ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥተዋል፦ በ1986፣ በ1990፣ በ1998 እና በ1999። አራቱም የወጡት በተለያየ ስም ነው። በአራቱም ውስጥ ግን ዋናው ነገር፣ ዜማው ወይም ድምፁ፣ የሌላ ሰው ነው። እና ይሄ ሰው ሌባ ነው ወይስ ጥበበኛ? ይህን ለመመለስ ሥራውን ከሥር መከተል ያስፈልጋል።

ቃላቱን እናጥራ

«ፕሮዲዩሰር» ሲባል እኛ አገር ቶሎ የሚመጣልን ገንዘብ አውጥቶ ካሴት የሚያሳትመው ሙዚቃ ቤት ነው። በዳንስ ሙዚቃ ግን ፕሮዲዩሰር ማለት ከበሮውን፣ ባሱን፣ ድምፁን አንድ ላይ አስማምቶ ሥራውን ከባዶ የሚያቆመው ሰው ነው፤ እኛ አቀናባሪ የምንለው ዓይነት። «ሳምፕል» ማለት ከተቀዳ ሙዚቃ ላይ ቁራጭ ወስዶ አዲስ ሥራ ውስጥ መትከል ነው። «ሪሚክስ» ደግሞ አንድ ያለቀ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ ተፈትቶ እንደገና ሲገጣጠም ነው።

ልብ በሉ፤ በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በሪሚክስ የዘፈኑ ባለቤት ስም ከፊት ይጻፋል፣ እንደገና የሠራው ሰው በቅንፍ ውስጥ ይገባል። በሳምፕል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቁራጩን የወሰደው ሰው ስም ከፊት ሆኖ፣ ድምፁ የተወሰደበት ሰው በትንንሽ ፊደል ከሽፋኑ ጀርባ ይቀመጣል። አንዳንዴም ጭራሽ አይቀመጥም። ኖርማን ኩክ ዕድሜውን ሙሉ በእነዚህ ሁለት በሮች ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው።

ከሬይጌት እስከ ሃል

ኩክ በ1963 ብሮምሊ ውስጥ ተወለደ፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኩዌንቲን ነው። ያደገው ከለንደን በስተ ደቡብ ባለች ሬይጌት በምትባል ከተማ ነው። እዚያ ፖል ሂተን ከሚባል ጓደኛው ጋር በወጣትነቱ ሙዚቃ ይሞክር ነበር። ከዚያ ለትምህርት ወደ ባሕር ዳርቻዋ ብራይተን ሄደና እንግሊዝኛ፣ ፖለቲካና ሶሲዮሎጂ እያጠና ማታ ማታ ሸክላ ማጫወት ጀመረ። ዲጄ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ጓደኛው ሂተን ወደ ሰሜን፣ ሃል ወደምትባለው የወደብ ከተማ ሄዶ ሀውስማርቲንስ የሚባል ባንድ አቁሟል። በ1985 የባንዱ ባስ ጊታር ተጫዋች ሲለቅ ሂተን የጠራው ኩክን ነው። ኩክም ሸክላውን ትቶ ጊታር አነገተ። ሀውስማርቲንስ ግራ ዘመም፣ ቀልደኛ፣ ጊታር የሚመታ ባንድ ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን «ለንደን 0 ሃል 4» ብለው እንደ ኳስ ውጤት ሰየሙት። ለዋና ከተማዋ ያላቸውን ነገር ከዚህ ትረዱታላችሁ።

በታኅሣሥ 1986 «ካራቫን ኦቭ ላቭ» የተባለው ሥራቸው አንደኛ ወጣ። መሣሪያ የሌለው፣ በድምፅ ብቻ የተዘፈነ ነው። የዘፈኑ ባለቤቶች ግን እነሱ አይደሉም፤ ኢዝሊ ጃስፐር ኢዝሊ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን በ1985 ያወጡት ነው። ደግሞ መዝፈኑ ነውር የለውም፤ የታወቀ ሥርዓት ነው፣ የደራሲዎቹም ስም ይጻፋል። እኔ የምቆጥረው ግን የኩክ የመጀመሪያው አንደኛ ከሌላ ሰው ማሳ የታጨደ መሆኑን ነው።

አሁን ቀኑን ያዙልኝ። ከወር ጥቂት በኋላ፣ በጥር 1987፣ በዚያው ሰንጠረዥ አናት ላይ ሌላ ነገር ተቀመጠ፦ የቺካጎው ስቲቭ «ሲልክ» ኸርሊ «ጃክ ዩር ቦዲ»። የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አንደኛ የያዘ የመጀመሪያው የሀውስ ሙዚቃ ነው። አንዱ ያለ ምንም መሣሪያ በሰው ድምፅ ብቻ፣ ሌላው የማሽን ከበሮ ላይ አንድ ሐረግ እየደጋገመ። በወር ውስጥ ዘመን ተለወጠ ማለት ይቻላል። ጊታር አንግቶ የነበረው ዲጄም ይህን ከማንም በላይ ሳይሰማ አልቀረም።

ሀውስ ከየት መጣ?

በ1977 ፍራንኪ ናክልስ የተባለ የኒውዮርክ ልጅ ቺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ፣ ማለትም መጋዘን፣ በሚባል ዳንስ ቤት ሸክላ ማጫወት ጀመረ። «ሀውስ» የሚለው ስም ከዚያ ቤት እንደመጣ ነው በብዛት የሚነገረው። ወደዚያ የሚሄዱት በአብዛኛው ሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸው ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ነበሩ። ናክልስ የድሮ የዲስኮና የሶል ሸክላዎችን ያስረዝማል፣ ይቆራርጣል፣ ከሥራቸው የማሽን ከበሮ ይጨምራል። የሀውስ ምት ቀላል ነው፦ በአንድ መስመር አራት ምት፣ አራቱንም ትልቁ ከበሮ ይመታዋል፣ በደቂቃ 120 አካባቢ። ከበሮው አይቆምም፤ ላዩ ላይ ነው ነገሩ የሚቀያየረው። ማኅበር ላይ፣ ሠርግ ላይ ከበሮ ሳይቆም ዘፈን ሲቀያየር ያየ ሰው ለመረዳት አይቸገርም።

እንግሊዝ ሀውስን በፍቅር ተቀበለችው፤ ግን ከፍቅሩ ጋር አንድ በሽታ መጣ። በ1989 ብላክ ቦክስ የሚባሉ ጣሊያናውያን «ራይድ ኦን ታይም» የሚል ሥራ አወጡ። እንግሊዝ ውስጥ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሰነበተ፤ የዓመቱም ከሁሉ በላይ የተሸጠ ነጠላ ዜማ እሱ ነበር። ቪዲዮው ላይ አንዲት መልከ መልካም ሞዴል አፏን ታንቀሳቅሳለች። ድምፁ ግን የእሷ አይደለም። የሎሊያታ ሃሎዌይ ነው። የቺካጎዋ ጥቁር ዘፋኝ በ1980 «ላቭ ሴንሴሽን» በሚል ዘፈን ላይ የጮኸችውን ቆርጠው ነው የወሰዱት፤ ስሟም አልተጠቀሰም። በሕግ ሲያዙ ድምፁን በሌላ ዘፋኝ አስደግመው አወጡት፤ የዚያችኛዋም ስም ያኔ አልተጻፈም። ሃሎዌይ በኋላ በስምምነት ካሳ አገኘች። ግን እስቲ አስቡት፤ ሚሊዮን ሰው በጉሮሮሽ እየጨፈረ ማንም ስምሽን አያውቅም።

1990፦ ባሱ የማን ነው?

ሀውስማርቲንስ በ1988 ተበተኑ። ሂተን ዘፈኑን ቀጠለ፤ ኩክ ወደ ብራይተን፣ ወደ ሸክላው ተመለሰ። ቢትስ ኢንተርናሽናል የሚባል ስብስብ አቋቁሞ በ1990 «ደብ ቢ ጉድ ቱ ሚ» የሚለውን አወጣ። አራት ሳምንት አንደኛ ሆነ።

ይህን ሥራ እንደ ወጥ እንየው። ግጥሙና ዜማው ኤስ.ኦ.ኤስ. ባንድ በ1983 ከሠሩት ዘፈን ነው። ባሱ የፓንኩ ባንድ ክላሽ በ1979 ካወጣው «ዘ ጋንስ ኦቭ ብሪክስተን» ነው፤ የጻፈው የባንዱ ባስ ተጫዋች ፖል ሲመነን ነው። ውስጡ የምትሰማዋ ሃርሞኒካ ደግሞ ኤንዮ ሞሪኮኔ ለካውቦይ ፊልም ከሠራው ሙዚቃ ናት። የምትዘፍነው ሊንዲ ሌይተን ናት። ታዲያ ኩክ ምን ሠራ? ከሩቅ ለሩቅ የነበሩትን አገናኘ። የጥቁር አሜሪካ ሶል፣ የለንደን ፓንክ፣ የጣሊያን ካውቦይ፤ እነዚህ አንድ ድስት ውስጥ ይስማማሉ ብሎ ማሰብ የእሱ ነው። ጆሮ ማለት ይሄ ነው።

ጆሮ ግን ፈቃድ አይደለም። የባሱ ባለቤቶች ድርሻችን የታለ አሉ፤ ገንዘቡ ወደ እነሱ ሄደ። ኩክ በሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ ሥራ ይዞ ዕዳ ውስጥ ገባ። በዚያው ዘመን ትዳሩም ፈረሰ፤ የ90ዎቹ መጀመሪያ ለእሱ የጨለማ ጊዜ ነበር።

የእሱ ችግር ብቻም አልነበረም። በታኅሣሥ 1991 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ቢዝ ማርኪ የተባለው ራፐር የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ ወስዷል ብለው ፈረዱበት። ውሳኔያቸውንም «አትስረቅ» በሚለው የመጽሐፍ ቅዱስ ትእዛዝ ነው የጀመሩት። ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ኩባንያዎች እያንዳንዱን ቁራጭ ሳያስፈቅዱ ማሳተም ፈሩ። የነጻ ግጦሹ ዘመን አበቃ።

ትንሿ ማሽን

በዚህ ጊዜ ኩክ ስም እየቀያየረ ይሠራ ነበር። ፍሪክ ፓወር በሚል ባንድ ከአሽሊ ስሌተር ጋር ያወጣው ዘፈን በ1995 የሌቫይስ ጂንስ ማስታወቂያ ላይ ሲገባ ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ፒዛማን እና ማይቲ ደብ ካትስ በሚሉ ስሞች ደግሞ ንጹሕ ሀውስ ያወጣ ነበር። በዳንስ ሙዚቃ ስም መቀያየር የተለመደ ነው። ዲጄው ሸክላውን የሚገዛው ለምቱ ነው፤ የሠሪውን ማንነት ብዙም አይጠይቅም።

በ1996 ፋትቦይ ስሊም ተወለደ። ስሙ ሲተረጎም «ወፍራሙ ልጅ ቀጫጫው» እንደማለት ነው፤ ትርጉም እንዲኖረውም አልተፈለገም። ያሳተመለት ስኪንት የሚባል የብራይተን ትንሽ ኩባንያ ነው። የኩባንያው ሰዎች ብራይተን ውስጥ ቢግ ቢት ቡቲክ የሚል የዳንስ ምሽት ነበራቸው። እዚያ የሀውስ ምት፣ የሂፕሆፕ ከበሮ፣ የሮክ ጊታር ይቀላቀላል። «ቢግ ቢት» የተባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

መሣሪያውን ብነግራችሁ የዛሬ ልጆች ትስቃላችሁ። አታሪ ኤስቲ የሚባል የ80ዎቹ ኮምፒውተርና አካይ ኤስ950 የሚባል ድምፅ መቁረጫ ማሽን፤ በቃ። የአካዩ የማስታወስ አቅም እስከ ጥግ ቢሰፋ 2.25 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። ድምፁ የሚቀመጠው በፍሎፒ ነው። ቦታ ስለሌለ ኩክ ከአንድ ሸክላ ላይ የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛዋ ሰከንድ እንደምትበቃ ማወቅ ነበረበት። እጥረቱ ነው ስልቱን የሠራው፦ አጭር ሐረግ፣ ብዙ ድግግሞሽ።

1998፦ ቅንፍ ውስጥ መግባት

አሁን ወደ ሪሚክሱ መጣን። ኮርነርሾፕ ቲጂንደር ሲንግ የሚባል እንግሊዝ የተወለደ የሕንድ ዝርያ ያለው ሰው የሚመራው ባንድ ነው። የባንዱ ስም «የሰፈር ሱቅ» ማለት ነው። እንግሊዝ አገር የሰፈር ሱቅ ሁሉ የእስያ ሰው ነው የሚለውን አባባል ነው በራሱ ላይ የገለበጠው። በ1997 «ብሪምፉል ኦቭ አሻ» የሚል ዘፈን አወጡ፤ 60ኛ ደረጃ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ።

ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ስነግራችሁ ለምን እንዳመጣሁት ይገባችኋል። አሻ የሕንዷ ዘፋኝ አሻ ቦስሌ ናት። በሕንድ ፊልም ተዋናይዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፁ ከመጋረጃ ጀርባ የሚዘፍነው የሌላ ሰው ነው። አሻ፣ እኅቷ ላታ ማንጌሽካር፣ ሞሐመድ ራፊ፤ እነዚህ ሁሉ ለሌላ ሰው ፊት ድምፅ የሰጡ ናቸው። በ1949 «ማሃል» የተባለው ፊልም ሲወጣ የዝነኛው ዘፈን ሸክላ ላይ የተጻፈው የላታ ስም አልነበረም፤ ካሚኒ የሚል የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ስም ነበር። ያልነበረች ሴት ስም ተጽፎ ያለችዋ ቀረች! አድማጩ «ይህች የምትዘፍነው ማን ናት?» እያለ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ነው የእነዚህ ዘፋኞች ስም ከተዋንያኑ ስም ጋር እኩል የገነነው። ሲንግ የዘፈነው ለእነሱና ለባለ 45 ዙሯ ሸክላ ነው።

ኩክ ይህን ዘፈን ወደደውና እንደገና ሠራው። ያደረገው ነገር ሲታይ ትንሽ ነው። ፍጥነቱን ጨመረ፣ ድምፁን በዚያው ከፍ አደረገ፣ ከሥሩ ደንዳና ከበሮ አነጠፈ፣ የሚዘፈነው ሐረግ ቶሎ ቶሎ እንዲመለስ አደረገ። ያ ዝግ ያለ ዘፈን ተነሥቶ ዘለለ። በየካቲት 1998 አንደኛ ወጣ። ከፊት የተጻፈው ኮርነርሾፕ ነው፤ ግጥሙና ዜማው የሲንግ ነው፤ የኖርማን ኩክ ስም በቅንፍ ነው። ባንዱ በሕይወት ዘመኑ ያገኘው አንደኛ እሱ ብቻ ነው፤ ድካሙ የማን እንደሆነ ግን ሸክላው አልዋሸም።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ የዋይልድቻይልድን «ሬኔጌድ ማስተር» እንደገና ሠርቶት ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። ዋይልድቻይልድ በ1995 ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ያረፈ እንግሊዛዊ የሀውስ አቀናባሪ ነው። ዘፈኑ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ ደግሞ የአሜሪካዊው ራፐር ኤዶር ነው። ሦስት ሰው ቆጠራችሁ? የተናገረው፣ የቆረጠው፣ እንደገና የሠራው። መሃለኛው መቃብር ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ከፊት የተጻፈው ግን የእሱ ስም ነው። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

1999፦ ካሚል ያርብሮ

ከሁሉም የሚበልጠውን ለመጨረሻ አቆየሁት። በጥቅምት 1998 ፋትቦይ ስሊም «ዩቭ ካም ኤ ሎንግ ዌይ ቤቢ» የተባለውን አልበም አወጣ። ከውስጡ «ፕሬይዝ ዩ» በጥር 1999 አንደኛ ሆነ። ብዙ ሰው «ፋትቦይ ስሊም የዘፈነው» ይለዋል። ፋትቦይ ስሊም ግን አንዲት ቃል አልዘፈነም። ዘፋኟ ካሚል ያርብሮ ናት።

ማን ናት? በ1938 ቺካጎ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት፤ ገጣሚ፣ ተዋናይ፣ ተሟጋች። በወጣትነቷ በካትሪን ደንሃም የዳንስ ቡድን ውስጥ ደንሳለች። በ1979 ስለ ሹሩባ ትርጉም «ኮርንሮውስ» የሚል የልጆች መጽሐፍ ጽፋለች። በ1975 ደግሞ «ዘ አይረን ፖት ኩከር» የሚል አልበም አሳትማለች። ንግግር፣ ግጥምና ዜማ የተቀላቀለበት፣ ስለ ሕዝቧ የቆመ ሥራ ነው። ገበያ ላይ ብዙም አልሄደም። ውስጡ «ቴክ ዮ ፕሬይዝ» የምትል ዘፈን አለች። መጀመሪያው ላይ ያለ መሣሪያ፣ በብቸኛ ድምፅ ትጀምራለች፤ ብዙ መከራ አብሯት ያለፈን ሰው ታመሰግናለች። ያርብሮ በኋላ ስትናገር የዜጎች መብት ትግሉን ያለፉ ጥቁሮችን አስባ የጻፈችው ምስጋና እንደሆነ ገልጻለች።

ኩክ የወሰደው ያችን መግቢያ ነው። መሣሪያ ስለሌለባት ለመቁረጥ ትመቻለች። ከሥሯ ያስገባት ፒያኖ የመጣችው የድምፅ ማጉያ ጥራት ለመሞከር ከተሠራ ሸክላ ላይ ነው፤ ማን ይህን ለሙዚቃ ብሎ ይሰማል? ምቱን ሲጨምርበት የአንዲት ሴት የብቻ ምስጋና የሺዎች መዝሙር ሆነ። ቪዲዮውን ስፓይክ ጆንዝ የተባለው ዳይሬክተር አንድ ሲኒማ ቤት በር ላይ ያለ ፈቃድ በሚጨፍሩ ሰዎች ቀረጸው። ወጪው 800 ዶላር ገደማ ነው፤ በዚያ ዓመት ከኤምቲቪ ሦስት ሽልማት ወሰደ።

የታሪኩ ቁም ነገር ግን እዚህ ጋ ነው። በደራሲነት የተጻፉት ሁለት ስሞች ናቸው፦ ኖርማን ኩክ እና ካሚል ያርብሮ። ዘፈኑ በተሸጠ፣ በፊልምና በማስታወቂያ በገባ ቁጥር የደራሲነት ድርሻ ወደ ያርብሮ ይሄዳል። የ1975ቱም አልበም ከዚህ በኋላ እንደገና ታተመ። ስሟን የማያውቅ ትውልድ ድምፁን ተከትሎ ወደ እሷ ደረሰ። የሃሎዌይን ታሪክ አስታውሱና አወዳድሩ። ሁለቱም የቺካጎ ሴቶች፣ ሁለቱም ጉሯቸው እንግሊዝን ያስጨፈረ። መካከላቸው ያለው 10 ዓመትና አንድ የስም መስመር ነው።

ይህ ኩክ ደግ ስለሆነ ብቻ ነው አልልም። የ1990ው ዕዳ አስተምሮታል፣ ሕጉም ጠብቋል። «ዘ ሮካፌለር ስካንክ» የተባለው የ1998 ሥራው ላይ የሳምፕል ባለቤቶቹ ድርሻ ሲቆጠር የደራሲነቱ ገቢ በሙሉ ለእነሱ ሄዶ ለእሱ ምንም እንዳልቀረው ተዘግቧል። እሱ ያተረፈው ስም ነው፤ በስሙ ደግሞ እስከ ዛሬ ሸክላ ያጫውታል። አያችሁ ሒሳቡን? ገንዘቡ ለባለ ድምፁ፣ ዝናው ለአስማሚው። ፍጹም ፍትሕ ነው ባይባልም ከቀድሞው በእጅጉ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ

የቀረውን ባጭሩ። በ2001 የወጣው «ዌፐን ኦቭ ቾይስ» ክሪስቶፈር ዎከን የተባለው አንጋፋ ተዋናይ ባዶ ሆቴል ውስጥ ሲጨፍር በሚታይበት ቪዲዮ ግራሚ አገኘ። በሐምሌ 2002 ብራይተን ባሕር ዳርቻ ላይ በነጻ ሲያጫውት 60 ሺሕ ሰው ሲጠበቅ 250 ሺሕ ገደማ መጣ። ከተማዋ ተጨናነቀች፣ የሁለት ሰው ሕይወት አለፈ። ደስታ በልክ ካልተያዘ ምን እንደሚያመጣ እንግሊዞች ከዚያ ተምረዋል። በ2007 ሲመለስ የመግቢያ ትኬት የተሸጠው ለከተማው ነዋሪዎች ብቻ ነው። በ2009 መጠጥ አቆመ። በ2010 ከዴቪድ በርን ጋር ስለ ፊሊፒንሷ ኢሜልዳ ማርኮስ ሙዚቃዊ ሥራ አወጣ። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ መዝጊያ ላይ በአየር ከተነፋ ግዙፍ ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ መሃል ቆሞ ሲያጫውት ዓለም አየው።

ወደ እኛ

ይህ ነገር እኛንም ይነካናል። በ2010 ናስ እና ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» ብለው ያወጡት ሥራ የቆመው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ርዕሱን እንደገና አንብቡት፦ የግሌ። የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሸክላዎቻችን በዓለም ላይ ቁራጭ በሚፈልግ ዲጄ ሁሉ እጅ ገብተዋል፤ ገና ብዙ ይቆረጣሉ። ሕጉ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ደራሲውን ብቻ ሳይሆን የዘፈነውንና የተጫወተውንም ያውቃል። ሕግ ግን የሚሠራው ስም ሲኖር ነው። የድሮ ካሴት ሽፋኖቻችንን እስቲ አውጡና እዩ፦ «ግጥም፦ እገሌ፣ ቅንብር፦ እገሌ፣ ዜማ፦ ሕዝብ»። ሕዝብ ብዙ ዜማ አለው፤ እውነት ነው። ግን ሕዝብ ከተባለው ውስጥ ስሙን ማንም ያልጠየቀው አዝማሪ፣ ስሟን ማንም ያልመዘገባት አልቃሽ የደረሰችው ስንቱ ይሆን? ከበስተ ኋላ ሳክስፎን የነፋው፣ ባስ የመታውስ?

የኔ መልስ ይኸውላችሁ። ከሰው ድምፅ ወስዶ አዲስ ነገር መሥራት ስርቆት አይደለም፤ የስርቆቱ መጀመሪያ ስሙን መደበቅ ነው። የኖርማን ኩክ ጥበብ ጆሮው ነው፤ ክብሩ ግን የሚለካው በካሚል ያርብሮ ስም መጻፍ ነው። ስም ሲጻፍ ገንዘቡም ሆነ ምስጋናው መንገዱን ያገኛል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ማምለጥ አትችሉም። ቤታችሁ፣ ወላጆቻችሁ ጋ ያለ የድሮ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ ጀርባውን ገልብጡና ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት። ፊት ለፊቱን ሳይሆን ጀርባውን፤ ትንንሹ ፊደል ያለበትን። ስማቸው የተረሳ ተጫዋቾች ካሉበት አብረን እናንብበው፤ የምታውቋቸው ካላችሁም ጻፉልን።

ቸር እንሰንብት።